«ለማን» ተብሎ የተፈረመ መጽሐፍ



ነገሬን በአንድ ቼክ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1938 ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች «ሱፐርማን» የሚባለውን ባለ ካባ ጀግና ከነሙሉ መብቱ ለአሳታሚ በ130 ዶላር ሸጡ። ገንዘቡ ከሌሎች ሥራዎቻቸው ሒሳብ ጋር ተደምሮ በ412 ዶላር ቼክ ተከፈላቸው። ሁለቱም ከጀርባው ፈርመው መነዘሩት። ባንክ ከፍሎ የጨረሰው ቼክ ምንም አይገዛም። ያ ወረቀት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ለጨረታ ወጥቶ በ160 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ሹስተር እ.ኤ.አ. በ1992፣ ሲግል በ1996 አርፈዋልና ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልደረሳቸውም። በስተርጅና ያገኙት፣ ችግራቸው አደባባይ ወጥቶ ሕዝብ ከተቆጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 የተፈቀደላቸውን በዓመት የ20 ሺህ ዶላር ጡረታ ነበር።

ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 የተባለው የሥዕል ታሪክ መጽሔት ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ከተረፉት ጥቂት ቅጂዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ወረቀቱ ያው ወረቀት፣ ታሪኩም ያው ታሪክ ነው። ልጆች አንብበው የጣሉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሮጌ ወረቀት ማሰባሰቢያ የተሰጠው፣ እናት ቤት ስታጸዳ ያቃጠለችው ሁሉ ጠፍቶ ይኼ ስለተረፈ ነው እዚህ ዋጋ ላይ የደረሰው።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ደራሲው ወይም ሠዓሊው በእጁ የፈረመበትን መጽሐፍ ነው። የእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ዋጋ ከየት ይመጣል? ፍቅሩስ? ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ የምንወደው ነገር ውድ፣ ውድ የሆነውም የምንወደው ይመስለናል። እኔ ነገሩን ባየሁት መጠን ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጠው ሲጓተቱ ነው የማገኛቸው። ለምን እንደምል ከገበያው ልነሣ።

ኮሚክ የሚባለው የሥዕል ታሪክ መጽሔት ገበያ እጅግ የተደራጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ሲጂሲ የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ለእያንዳንዱ መጽሔት ከ0.5 እስከ 10 ደረጃ መስጠት ጀመረ። ጥግ መታጠፉ፣ ሽቦው መዛጉ፣ ቀለሙ መፍዘዙ፣ ወረቀቱ ወደ ቢጫ መለወጡ ሁሉ ይቆጠራል። ደረጃ የተሰጠው ቅጂ በጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበው የለም። ፊርማ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ሕግ ይመጣል። ድርጅቱ የላከው ሰው ቆሞ ፊርማው ሲፈረም በዓይኑ ካላየ፣ የደራሲው እጅ እውነተኛ እንኳ ቢሆን፣ እንደ ተራ የእስክሪብቶ ጭረት ነው ለዓመታት ሲታይ የኖረው። በአረንጓዴ ምልክት «የተጻፈበት» ተብሎ ይመደብ ነበር። እማኝ ባለበት የተፈረመው ግን ቢጫ ምልክት ያገኛል፤ ዋጋውም ይወጣል።

ይኼ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን መሬት ሲገዙ፣ ብድር ሲሰጡ፣ ልጅ ሲድሩ ያለ እማኝ ውል አይዙም ነበር። የነገሥታቱም ደብዳቤ የሚታመነው ከላይ ባለው ማኅተም እንጂ በፊርማ አልነበረም፤ የአፄ ምኒልክን ደብዳቤ ያየ ሰው አንበሳው ያለበትን ማኅተም ያስታውሳል። የእጅ ጽሑፍ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ሲጻፍ ያየ ሰው እንደሚያስፈልግ ከድሮ ጀምሮ እናውቃለን። በመጽሐፍ ፊርማ ላይ ግን ይኼን እውቀታችንን አልተጠቀምንበትም። ደራሲ በምረቃ ዕለት በመቶ ቅጂ ላይ ሲፈርም ማንም ቀኑን፣ ቦታውን፣ አጠገቡ ማን እንደነበር አይጽፍም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጁ መጽሐፉን ሲያገኝ አባቱ ከማን እጅ፣ በየትኛው አዳራሽ እንደተቀበለው የሚነግረው አይኖርም።

ስለ ፊርማ ብዛትም አንድ ነገር ልበል። የእነ ስፓይደርማን ደራሲ ስታን ሊ በ95 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪያርፍ ድረስ በየአውደ ርእዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለተሰለፈው ሁሉ ሲፈርም ኖረ። ፊርማው ብዙ ነው፤ ስለዚህ በተራ መጽሔት ላይ ያለው የስታን ሊ ስም እንደሚታሰበው ውድ አይደለም። አብሮት የሠራው ታላቁ ሠዓሊ ጃክ ከርቢ ግን እ.ኤ.አ. በ1994፣ ገበያው እንዲህ ከመስፋፋቱ በፊት ነው ያረፈው። የእርሱ ፊርማ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለሆነም ተፈላጊ ነው። ለሁሉም የሰጠው ሰው ዋጋው አነሰ፣ ለጥቂቶች ብቻ የደረሰው ከፍ አለ። ገበያ ደግነትን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ቅጂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣሁ። ኮሚክ ሰብሳቢዎች የሚያውቁት አንድ ደንብ አለ፤ ደራሲው ሲፈርም «ለእገሌ» ብሎ የሰው ስም ከጻፈበት ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነገ የሚገዛው ሰው ስሙ እገሌ አይደለም። የሌላ ሰው ስም ያለበትን ነገር ማን በሙሉ ዋጋ ይገዛል? ስለዚህ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ወረፋው ሲደርሰው ደራሲውን «ስሜን አትጻፍ፤ ፊርማህን ብቻ አሳርፍ» ይለዋል። ሰውዬው ከደራሲው ፊት ቆሞ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደውን ሰው በዓይኑ እያየ፣ የገዛ ስሙን ከገጹ ያስወጣል። እኔ ይኼን ሳስብ አዝናለሁ።

በእኛ ዘንድ ልማዱ በተቃራኒው ነው። አማርኛ ደራሲ መጽሐፍ ሲሰጥ ስም ሳይጽፍ አይሰጥም። «ለወንድሜ ለመምህር እገሌ፣ ለማስታወሻ፣ ከደራሲው» ይላል፤ ቀኑን ያኖራል፤ አንዳንዴ ምርቃት ይጨምራል። ስም የሌለበት ፊርማ ለእኛ ሰው ስጦታ አይመስለውም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ተረክቤአለሁ» ብሎ እንደፈረመ ሰው ነው የሚቆጥረው። የኮሚክ ገበያ ዋጋ የሚያወርድበትን ያንኑ ስም እኛ የስጦታው ልብ አድርገን ይዘነዋል። ይኼ ልማድ እንዲቀር አልፈልግም። ወጣቶች በተለይ ስሙኝ፤ ደራሲ ስታገኙ ስማችሁን ከነአባታችሁ፣ ከተማችሁን ጭምር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። «ቴፒ» የሚለው ቃል በዚያ ገጽ ላይ ይኑር።

ልማዱ ከየት እንደመጣም ማስታወስ ደስ ይላል። በብራና ዘመን ጸሐፊው መጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን፣ ያስጻፈውን ሰው ስም፣ መጽሐፉ የተሰጠበትን ደብር ይጽፋል። ቀጥሎ የሰረቀውና ስሙን የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። አስተውሉ፤ ስም መፋቅ ከስርቆት እኩል ያስወግዛል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለ ሥዕሉ ላይ ስሙን ትቶልናል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሠዓሊ ስሙን ሳይጽፍ ስላለፈ፣ በዚያች አንዲት ስም የተነሣ ሊቃውንት ሌሎች ሥዕሎችንም ከእርሱ እጅ ጋር ማመሳከር ችለዋል። አንድ ፊርማ የሌሎችን ሥራዎች አባት ለመፈለግ መነሻ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ስናወራ ደግሞ እኛ በሥዕል ተከታታይ ታሪክ መንገርን ከውጭ የተማርን አይደለንም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ከአርዌ ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ በ44 ክፍል በረድፍ በረድፍ የሚያሳየው፣ ከያንዳንዱ ሥዕል ሥር አጭር ጽሑፍ ያለው የሸራ ሥዕል በየቤቱ፣ በየሆቴሉ፣ በውጭ ሙዚየሞችም አለ። ከግራ ወደ ቀኝ አንብባችሁ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ብዙዎቹ ግን ስም የላቸውም። የሠዓሊው ስም ባለመኖሩ ያ ሁሉ ሥራ «የባህል ሥዕል» በሚል አንድ ስም ተጠቅልሎ በርካሽ ተሸጠ፤ ዛሬም ይሸጣል።

በእኛ ዘመን ነገሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብስራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ታሪክ አወጣ። ባለ ታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎች ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ «ሃዊ» መጣች፤ ሴት ልዕለ ጀግና። እነዚህ ሥራዎች በስክሪን ጭምር ይነበባሉ። ስክሪን ላይ ያለ ፋይል ግን አይፈረምበትም፤ ለልጅም ለልጅ ልጅም አይወረስም። ስለዚህ በወረቀት የታተመው የመጀመሪያ ቅጂ ያለው ሰው፣ ሠዓሊውና ደራሲው ወጣት ሳሉ፣ ዛሬውኑ ያስፈርም። የ10 ሳንቲሙን መጽሔት የገዙ ልጆች ሲግልና ሹስተር በከተማቸው ሳሉ ያስፈርሙ ዘንድ ማንም አልመከራቸውም።

ገንዘብና ፍቅር ተጓትተው፣ ከሁለቱም በላይ የሆነ ነገር የሚገኝበት ሁኔታም አለ። ስሙ የተጻፈለት ሰው ራሱ ታሪክ ያለው ሲሆን ነው። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ቅጂ አጥብቀው ይፈልጉታል። ይኼን ለማየት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ምድር መውጣት አያስፈልግም።

ደራሲው በዓሉ ግርማ የኢሉባቦር ልጅ ነው፤ ሱጴ ነው የተወለደው። ከዚህ ከቴፒ ተነሥቶ በማሻ በኩል ወደ ጎሬ የሄደ ሰው ወደ እርሱ አገር እየሄደ ነው። «መነን»ንና «አዲስ ዘመን»ን አዘጋጅቷል፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ልቦለዱ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ወጣ። የኤርትራውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይቶ የጻፈው «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቤተሰቡ አስከሬኑን እንኳ አላገኘም።

አሁን ስለ ፊርማ አስቡ። ከ1975ቱ እትም አንስቶ እስከዚያ የካቲት ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው። መጽሐፉም ከሱቅ ተሰብስቧል። በዓሉ በ«ኦሮማይ» ላይ ስሙን ሊጽፍ የቻለበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። የጻፈለት ሰው ደግሞ ስሙ የታገደ መጽሐፍ ላይ ከታገደው ደራሲ ስም ጋር ተያይዞ ተገኘ ማለት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ገጽ ያለው ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል ለታላላቆቻችን አልነግራቸውም። ገጹን ቀዶ መጽሐፉን ያስቀረ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ሳይቀድ የደበቀ ካለ ግን በእጁ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ይወቅ። «ኦሮማይ» ከ1983 በኋላ እየታተመ ለሁሉም ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ንባቡ አይቸግርም። የ1975ቱ፣ በእጁ የፈረመበት፣ ለእገሌ የተባለበት ቅጂ ግን የንባብ ጉዳይ አይደለም። የአንድ ሰው እጅ በመጨረሻዎቹ ወራቱ ማንን እንዳመነ የሚነግር ሰነድ ነው።

ስለዚህ ነው በዓሉ ላይ ሲደርስ ስለ ዋጋ ማውራት የሚከብደኝ። ገበያው «ጥቂት ነውና ውድ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ጥቂት ያደረገው ግን የሰው መጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ቅጂ ያለው ቤተሰብ ይሽጥ አይሽጥ አልልም፤ ችግር የማያውቀው ሰው ነው እንዲህ የሚፈርደው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገጹን ፎቶ ሳታነሡ፣ ስሙ የተጻፈለት ሰው ማን እንደነበርና ከደራሲው ጋር በምን እንደተገናኘ ሳትጽፉ ከቤት እንዳይወጣ።

ሁለተኛው ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ቤት ገባ። ሁሉም የሚያውቀው ይኼን ነው። ከዚህ አገር ጋር የሚያገናኛቸውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሐዲስ ከልዑል ራስ ዕምሩ ጋር ዘምተው፣ ሰሜኑ ሲፈርስ ወደ ጎሬ መጡ። የራስ ዕምሩ ጦር ጥቁር አንበሶች ከተባሉት አርበኞች ጋር ሆኖ በዚህ ምዕራብ ምድር ሲንከራተት ቆይቶ በታኅሣሥ 1929 በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጁን ሰጠ። ሐዲስም ተማርከው ጣሊያን አገር ወደ ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች ተጋዙ። ጎጀብ ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከዚያም ወደ ሚዛንና ወደዚህ ስትመጡ የምትሻገሩት ወንዝ ነው። ሐዲስ ስለዚያ ጊዜ «ትዝታ» የሚለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በሐዲስ እጅ «ለእገሌ» ተብሎ የተፈረመ የ«ትዝታ» ቅጂ በዚህ አካባቢ በአንድ አርበኛ ልጅ ቤት ቢገኝ፣ አዲስ አበባ ካለው ተመሳሳይ ቅጂ ጋር እኩል ነው ትሉኛላችሁ? ወረቀቱ እኩል ነው። ወንዙን የሚያውቀው ግን የእኛው ነው።

ራስ ዕምሩን ካነሣሁ አንድ ጠቃሚ ነገር ላክል። «ካየሁት ከማስታውሰው» የተባለው ትዝታቸው የታተመው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ እርሳቸው ያረፉት በ1972። ስለዚህ የዚያ መጽሐፍ የተፈረመ ቅጂ ሊኖር አይችልም። ማንም «የራስ ዕምሩ ፊርማ አለበት» ብሎ ቢያመጣላችሁ ውሸት ነው። ሐሰተኛ ፊርማ ለመለየት ብዙ ጊዜ የቀለም መርማሪ አያስፈልግም፤ ቀን ማመሳከር ይበቃል። በዓሉ ግርማ ከየካቲት 1976 በኋላ በታተመ ቅጂ ላይ አልፈረመም። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ነው፤ ከዚያ በኋላ የታተመ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ፊርማቸው ካለ ያልፈረሙት ነው። መጀመሪያ የርእሱን ገጽ ጀርባ ገልጣችሁ የታተመበትን ዓመት እዩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊርማውን ማየት።

ቴፒ ላይ ስለ ስምና ስለ ዋጋ ሲናገሩ ቡናን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1931 በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከጌሻ አካባቢ ጫካ የቡና ዘር ሰብስቦ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ በታንጋኒካ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ፓናማ ገባ። ለዓመታት ማንም ትኩረት አልሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ለብቻው ለቅሞ፣ ለብቻው አጥቦ፣ ስሙን ጽፎ ለጨረታ አቀረበው፤ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ በጊዜው ሰው ተደነቀ። እ.ኤ.አ. በ2025 ከዚያው እርሻ የወጣ የጌሻ ቡና አንዱ ኪሎ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። ቡናው የዚህ ምድር ልጅ ነው። ዋጋውን ያመጣው ከየትኛው ማሳ፣ በማን እጅ፣ መቼ እንደተለቀመ የሚነግር ወረቀት ከእርሱ ጋር መሄዱ ነው። እኛ ከብዙ ገበሬ የተሰበሰበውን በአንድ ጆንያ ቀላቅለን ስንሸጥ ስሙ ይጠፋል፤ ከስሙ ጋር ዋጋውም ይሄዳል። በየመደርደሪያችን ያሉት የተፈረሙ መጻሕፍትም ታሪካቸው ካልተጻፈ እንዲሁ በጆንያ የተቀላቀሉ ናቸው።

አሁን ወደ መጠበቁ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በቴፒ አየር መጽሐፍ ማቆየት ከደብረ ብርሃን ይልቅ ይከብዳል። እዚህ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ሙቀቱም አይለቅም። ወረቀት እርጥበት ይስባል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 65 አካባቢ አልፎ ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ቡናማ ነጠብጣብ ታያላችሁ፤ ከዚያ ሽታ፤ ከዚያ ገጽ ከገጽ ይጣበቃል። ምስጥ ደግሞ በግድግዳው ውስጥ መጥቶ ከጀርባ ይበላል፤ ከፊት ስታዩት መጽሐፉ ሙሉ ነው፤ ስታነሡት ባዶ ነው።

መደርደሪያውን ከግድግዳ አርቁት፤ ከመሬትም ከፍ ይበል። ብዙ ሰው ውድ መጽሐፍን በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ከሌባ ያድነዋል፣ ከእርጥበት ግን አያድነውም፤ ውስጡ ይታፈናልና። ሳጥን ካስፈለገ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ክተቱ፤ በየጊዜው ለውጡት። ፀሐይ በወጣ ቀን ሳጥኑን ከፍታችሁ አየር ስጡት፤ መጽሐፉን ግን ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ፀሐይ የእስክሪብቶን ቀለም ያጠፋል። ከምድጃ ጢስ አርቁት። እርድና ዝንጅብል ከሚከመርበት ጓዳ አርቁት፤ የእርድ ቀለም ከወረቀት አይለቅም።

የተቀደደን ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ። ፕላስተር ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይገባል፤ ሲነሣም ፊርማውን ይዞ ይነሣል። ላሚኔት ማድረግም እንዲሁ ነው፤ የማይመለስ ነገር ነው። ብዙ የብዕር ቀለም በውኃ ይሟሟል፤ እርጥብ ጣት እንኳ አይንካው። የመጽሐፉን ታሪክ መጻፍ ስትፈልጉ በመጽሐፉ ላይ አትጻፉ፤ በትንሽ ወረቀት በእርሳስ ጽፋችሁ ከውስጥ አኑሩ። እርሳስ አይፈስም፣ አይደበዝዝም። መቼ፣ የት፣ ማን ባለበት ተፈረመ፣ ከማን ወደ ማን አለፈ፤ ይኼ ይበቃል። ሁለት እማኝ ስማቸውን ቢያኖሩበት ደግሞ ከቢጫው ምልክት አያንስም።

ስለ ተቋማት አጭር ነገር ልናገር። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ የታተመውን መጽሐፍ ይሰበስባል፤ በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ትልቅ ሀብት አለው። ሆኖም የደቡብ ምዕራብ ሰው ታሪክ ያለበትን የተፈረመ መጽሐፍ ሁሉ አዲስ አበባ ልኮ እዚህ ባዶ እጁን እንዲቀር አልመክርም። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ እዚህ ግቢ አለው፤ ቤተ መጻሕፍት አለው። አንድ የሚቆለፍ መደርደሪያ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይበቃል። የሸካ፣ የቤንች፣ የሸኮ፣ የመዠንግር ልጆች የሚጽፏቸው መጻሕፍትም፣ ዛሬ በጥቂት ቅጂ በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሟቸው፣ የመጀመሪያው የተፈረመ ቅጂ በዚያ ቢቀመጥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈልጋቸው ሰው የት እንደሚመጣ ያውቃል።

በመጨረሻ ገዥ ቢመጣስ? ይመጣል። ከአዲስ አበባ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ፣ ከውጭ የመጣ ዲያስፖራ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ቀን ዋጋ አትንገሩ። የታተመበትን ዓመት ለዩ፤ የመጀመሪያ እትም ነው ወይስ ድጋሚ? ሽፋኑ የራሱ ነው ወይስ ተለጥፎ የተተካ? ገጽ ጎድሏል? ፊርማው ለማን ነው? ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ። ገዥው «የሰው ስም ተጽፎበታልና ዋጋው ያንሳል» ካላችሁ ያ ሰው ማን እንደነበር ንገሩት። መምህር ከነበረ የት እንዳስተማረ፣ አርበኛ ከነበረ የት እንደዘመተ፣ ነርስ ከነበረች በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሠራች ንገሩት። ዋጋ የሚወርደው ስሙ የማይታወቅ ሲሆን ነው።

ከሸጣችሁም በውል ሽጡ፤ የተጻፈው ስም በውሉ ላይ ይስፈር፤ የገጹ ፎቶ እናንተ ዘንድ ይቅር። ደራሲው በሕይወት ካለ ደውላችሁ ንገሩት። ሕግ አያስገድዳችሁም። ከአንድ ወረቀት 160 ሺህ ዶላር ሲወጣ የፈረሙት ሁለቱ ሰዎች ምንም ሳይደርሳቸው እንደቀሩ ግን ሰምታችኋል። የእኛ አገር ደራሲ መጽሐፉ በየጎዳናው በፎቶ ኮፒ ሲሸጥበት ከርሞ፣ ፊርማው በሺህ ብር እንደተሸጠ ከጓደኛው ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ከሽያጩ ጥቂት ብትልኩለት፣ ወይም አዲሱን መጽሐፉን በሙሉ ዋጋ ብትገዙት፣ የጻፈላችሁን ስም ተቀብላችኋል ማለት ነው።

መጽሐፍ ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ወደ ፊት ቅረቡ፤ የርእሱን ገጽ ጀርባ ገልጠን ዓመቱን አብረን እንመልከት።